የኮሮላዬ ኤቢኤስ ልቆም ስል ያለ ምክንያት ይሠራል፤ ፊውዙን ነቅዬ ልንዳ?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው በፈረንጅ 2004 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው መዞር አቁሞ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ሥርዓት) አለው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ያንን ቁልቁለት በሥራ ቀን ሁሉ እወርደዋለሁ። ፍሬን ይዤ ፍጥነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ፣ ልክ ልቆም ስል ፔዳሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ከኮፈኑ በኩል «ግርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ በመቆም ፈንታ ትንሽ ወደ ፊት ይንሸራተታል። አስፋልቱ ደረቅ ሆኖም ያው ነው። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት አንዳንዴ ይበራል፤ አጥፍቼ ሳስነሳው ይጠፋል። ቀዩ የፍሬን መብራት በርቶ አያውቅም። ጢጣ ላይ ከፊቴ የቆመ ባጃጅ ልገጭ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ያየልኝ መካኒክ «ፊውዙን ንቀይውና ተገላገይ» አለኝ። ኤቢኤስ የሌለው መኪና ድሮም ይነዳ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ ቁልቁለት ጋር ሳስበው ልቤ እሺ አላለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሚኒባስ ሾፌር፦
እህቴ ንቀይው። እኔ የምሠራው ወደ ገጠር ነው፤ ኮረት ላይ ኤቢኤስ መኪናውን ቶሎ አያቆመውም። ጎማው ሲቆለፍ ኮረቱን ከፊቱ እየቆለለ ያቆምሻል፤ ኤቢኤሱ ግን እየለቀቀ ያስኬድሻል።

መካኒክ (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ ስለ ኮረቱ ያልከው እውነት ነው። እሷ የምትሄድበት ግን አስፋልት ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭጋግና ጭቃ ያለበት እርጥብ አስፋልት ነው። እዚያ ላይ የፊት ጎማ ከተቆለፈ መሪው አይታዘዝም። ኤቢኤስ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ፍሬን ረግጠሽ መሪ ማዞር እንድትችይ።

እህቴ፣ ፊውዙን መንቀል አንድ ጥቅም አለው፤ እሱም ለምርመራ ነው። መኪና በማይበዛበት ሜዳ ቦታ ላይ ነቅለሽ በቀስታ ሞክሪው። መንቀጥቀጡ ከጠፋ ጥፋቱ ከኤቢኤሱ ነው። ካልጠፋ ግን ዲስኩ ጠሟል ወይም ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያኔ ሴንሰር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ከሞከርሽ በኋላ መልሰሽ ሰኪው።

ነቅሎ መንዳት የማይመከረው ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ። የኋላው ፍሬን በዚያው ኃይል ከያዘ ጎማው ተቆልፎ መኪናው በቂጡ ይዞራል። ድሮ ይህን የሚጠብቀው የኋላውን ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ነበር። ኢቢዲ (የፍሬን ኃይልን ለፊትና ለኋላ ጎማ በኮምፒውተር የሚያከፋፍለው) ያላቸው ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ግን ያ ቫልቭ የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ያው የኤቢኤስ ኮምፒውተር ነው። ፊውዙ ሲነቀል ኢቢዲውም አብሮ ይሞታል። ነቅለሽ ስትሞክሪ ከቢጫው ጋር ቀዩም መብራት ከበራ ምክንያቱ ይህ ነው። ስለዚህ «ድሮም ያለ ኤቢኤስ ይነዳ ነበር» የሚለው ለድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ይሠራል፤ ላንቺ መኪና አይሠራም።

አሁን የነገርሽን ምልክት፣ በዝግታ ላይ ብቻ የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ነው። የ2004 ዘመን ኮሮላ ሴንሰር ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ከፊቱ ጥርስ ያለው ቀለበት ይዞራል። መኪናው ሲዘገይ ሴንሰሩ የሚሰጠው ምልክትም እየደከመ ይሄዳል። ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ከተጠራቀመ፣ ወይም ከቀለበቱ ከራቀ፣ ከአራቱ አንዱ ቀድሞ ይጠፋል። ኮምፒውተሩም «ይህ ጎማ ተቆለፈ» ብሎ ፍሬኑን ይለቅበታል። ያ መንሸራተት ይኸው ነው። በቅርቡ የፊት ሲቪ ጆይንት (ጎማውን የሚያዞረው መገጣጠሚያ፤ የፊቱ ቀለበት ያለው እሱ ላይ ነው) ወይም ኩሽኔታ አስቀይረሻል?

አውቶ ኤሌክትሪክ (ደሴ)፦
ከመፍታትሽ በፊት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ አንብቢ፤ ቶዮታ ላይ ያለ ማሽንም ይነበባል። ከመሪው ሥር ያለውን ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ፈልጊ። ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርገሽ ስታዪው የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ነው። ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ 4ን እና 13ን በቀጭን ሽቦ አገናኚ፤ ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ክፈቺ። የኤቢኤሱ መብራት ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። 3 ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ 1 ጊዜ ካለ 31 ማለት ነው። 31 ቀኝ ፊት፣ 32 ግራ ፊት፣ 33 ቀኝ ኋላ፣ 34 ግራ ኋላ ነው። 41 ከሆነ ወደ ጎማ አትሂጂ፤ የባትሪ ቮልቴጅ ነውና ባትሪና ዲናሞ አስፈትሺ።

አደራ፣ 16 ቁጥር ሁልጊዜ የባትሪ ኃይል አለው፤ ከ4 ጋር ከተገናኘ ሾርት ያደርጋል። እርግጠኛ ካልሆንሽ ሽቦውን አንቺ አትንኪው፤ የሚያውቅ ሰው ያገናኝልሽ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ አገናኝቶልኝ አብረን ቆጠርን፤ 31 ነው የሚለው። ፊውዙንም ነቅለን ሜዳ ላይ ስንሞክረው መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ ቀዩ መብራት ግን አንቱ እንዳሉት በራ። ሲቪ ጆይንትም አዎ፣ ከክረምት በፊት የቀኙን አስቀይሬያለሁ!

መካኒክ (ኮምቦልቻ)፦
እንግዲያው በተሳፋሪው በኩል ያለውን የፊት ጎማ ፍቱ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ከሥር መደገፊያ ይግባ። ሦስት ነገር እዩ። አንደኛው ቀለበቱ ነው። ገበያ ላይ ጆይንት ሲገዛ ቀለበት የሌለውም፣ የጥርሱ ቁጥር የማይገጥምም ይመጣል። ጥርሱን ከግራው ጋር አስተያዩት፤ ካልገጠመ ሴንሰር ብትቀይሪ ለውጥ የለውም። ቀለበቱ ተሰንጥቆም እንደሆነ ዙሪያውን እያዞራችሁ እዩት፤ ስንጥቁ በዝገት ስለሚሸፈን በደንብ ጥረጉት።

ሁለተኛው ሴንሰሩ ነው። በአንድ ቡሎን ነው የሚታሰረው፣ ግን ዝገት ስለሚይዘው በሽቦው እየጎተታችሁ እንዳታወጡት፤ ይበጠሳል። የዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ አቆዩትና ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ አውጡት። ጫፉን በጨርቅ ጥረጉ፤ የሚገባበትን ቀዳዳና የሚቀመጥበትን ፊት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ከዝገት አጽዱ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው። ሥሩ ዝገት ካለ ሴንሰሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ትንሽ ክፍተት ደግሞ ምልክቱን ለማድከም ይበቃል። ሦስተኛው ሽቦው ነው፤ መሪ ሲዞር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተልጦ እንደሆነ ዳብሱት።

ቴስተር ካላችሁ የቀኙንና የግራውን ሴንሰር ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ለኩ። ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ መጨረሻ የሌለው ካሳየ ውስጡ ተበጥሷል፤ ያኔ መግዛት ግድ ነው።

የከባድ መኪና ሾፌር፦
ሴንሰሩ ይሠራ፤ ግን ልጄ፣ ኤቢኤስ ቁልቁለት አይዝልሽም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትወርጃለሽ። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያቃጥላል፤ ዘይቱም ይፈላል። ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል። ውሃ ስለሚጠጣ ግን ሲያረጅ ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ ፔዳሉ መሬት ይነካል እንጂ መኪናው አይቆምም፤ ኤቢኤስ ኖረም አልኖረም። በ2 እና በ3 ማርሽ ውረጂ፤ ፍሬኑን ጠንከር አድርገሽ ይዘሽ ልቀቂው፣ ይቀዝቅዝ። ዘይቱ በ2 ዓመት ይቀየር። ፍጥነት ሳትቀንሺ ኩርባ ውስጥ አትግቢ።

ጠያቂ፦
ዛሬ ተፈታ። የጥርሱ ቁጥር ከግራው ጋር እኩል ነው፣ ስንጥቅም የለውም። ሴንሰሩ ግን ጫፉ በብረት ብናኝ ጢም ብሎ ነበር፤ ቡሎኑም ላልቶ ነበር፣ ጆይንቱ ሲቀየር በደንብ ያልታሰረ ይመስላል። የሚቀመጥበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን አሰርነው። ኦሙም ከግራው ጋር ተቀራራቢ ነው። ሜዳው ላይ ደጋግመን ስንሞክር ፔዳሉ አልተንቀጠቀጠም። ቁልቁለቱን ገና አልወረድኩም። የድሮውን ኮድ ግን እንዴት ነው የማጠፋው?

አውቶ ኤሌክትሪክ (ደሴ)፦
4ን እና 13ን እንደገና አገናኝተሽ ቁልፉን ክፈቺ፤ በ5 ሰከንድ ውስጥ የፍሬኑን ፔዳል 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ርገጪ። መብራቱ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ ካለ ጠፍቷል። ሽቦውን ማውጣት አትርሺ። ከጥቂት ቀን በኋላ 31 ከተመለሰ ኩሽኔታው መላወሱን አስፈትሺ፤ ኩሽኔታ ሲላወስ ክፍተቱ እየተለዋወጠ ያስቸግራል።

ሌላ አባል፦
በዚሁ ልጠይቅ። የኔ መኪና ኤቢኤስ አለው ተብዬ ነው የገዛሁት፤ መብራቱን ግን በርቶ አይቼው አላውቅም። ጥሩ ነው አይደል?

አውቶ ኤሌክትሪክ (ደሴ)፦
አይደለም ወንድሜ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ስትከፍት መብራቱ ለ3 ሰከንድ ያህል በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ወይም ጥፋቱ እንዳይታይ ሆን ብለው አውጥተውታል። ከዘይት መብራቱ ጋር አያይዘው አብሮ እንዲበራና እንዲጠፋ ያደረጉትም ያጋጥማል። ዳሽቦርዱ ተከፍቶ አምፖሉ ይታይ፤ ከዚያ ኮዱን አንብብ።