የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ፦ ከሐምሌ በፊት የምናቀርበው የጋራ ጥያቄ

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። በእሑዱ ስብሰባ ቃል እንደገባሁት የሐሳቡን መነሻ እዚህ አስቀምጫለሁ። እኛ የአትክልት፣ የችግኝና የዛፍ ቆረጣ ሥራ አሠሪዎች እስካሁን እያንዳንዳችን ለየብቻ ኢንሹራንስ ቢሮ እንሄዳለን። የተነገረንን ዋጋ ወይ እንከፍላለን፣ ወይ ትተን እንመለሳለን። ዘንድሮ ሐምሌ 1 ሳይገባ በማኅበር ስም አንድ ደብዳቤ ይዘን ለሦስት አራት ኩባንያ እናቅርብ ነው የምለው።

አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምንከፍለው፣ የሚሰላው ለሠራተኞቻችን በምንከፍለው የዓመቱ ጠቅላላ ደመወዝ ላይ በመቶኛ ነው። መቶኛው ሥራው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነና ከዚህ በፊት ስንት ጉዳት እንደደረሰ ታይቶ ይወጣል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ መቶኛው ነው። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጻፉ።

ችግኝ ጣቢያ፣ ሐይቅ

እኔ አልተዋጠልኝም። እኔ ጋ ያሉት አምስት ሴቶች ናቸው። አፈር ይሞላሉ፣ ችግኝ ያፈላሉ፣ ውሃ ያጠጣሉ። ባህር ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው የለኝም። በጋራ ከገባን የዛፍ ቆራጮቹን አደጋ እኔ ልከፍል ነው? ደግሞም እስከ ዛሬ ክፉ ነገር ሲደርስ ቅሬያችን፣ እድራችን፣ ደርሶልናል።

የግቢ ውበት ሥራ፣ ኮምቦልቻ

እቱ፣ ስለ ቅሬው እውነትሽን ነው። እኛንም ደርሶልናል፣ አላህ ይስጣቸው። ግን የእኔን ልንገራችሁ።

ዓምና ነሐሴ ላይ አንድ ትልቅ ግቢ ሣር እናጭዳለን። ዝናቡ ጠጠሩን ከመንገዱ አጥቦ ሣሩ ውስጥ ከቶታል፣ ከላይ አይታይም። ማሽኑን የያዘው ልጅ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከቶት ነበር፣ ላቡ እያጨለመበት። ምላጩ አንዲት ጠጠር መታ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጭው ነው ያለው። ዞር ስል ልጁ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ፊቱን ይዟል።

ግራ ዓይኑ አልተረፈም።

ኢንሹራንስ ነበረኝ። ፔሮሌ፣ የደመወዝ መዝገቤ፣ ላይ ያስመዘገብኩት ግን አራት ሰው ነው። እሱ አምስተኛ ነበር፣ ለዚያች ሳምንት ብቻ በቀን ሒሳብ የጠራሁት። ስሙ የትም የለም። ቅሬው ለመጀመሪያው ሕክምና አዋጣልን። ለቀሪው ሁለተኛውን ማሽኔን ሸጥኩ። ልጁ አሁንም አብሮኝ ይሠራል፣ ችግኝ ላይ። ስለዚህ ዋጋ ይቀነስልን ከማለታችን በፊት የቀን ሠራተኞቻችንን እንመዝግብ። ይህ ደብዳቤው ላይ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደሴ

አብሽሪ እህቴ። ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ።

ሕጉ ላይ ብዥታ እንዳይኖር ይቺን ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው። ኢንሹራንስ ገባን አልገባን ዕዳው የእኛው ነው። በወር 4,000 ብር የሚከፈለው ሰው ተጎድቶ ከሥራ ቢቀር፣ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ቀጣዩን ሦስት ወር ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ያለውን ስድስት ወር ቢያንስ 50 በመቶ። ዓመቱን ሙሉ ቢተኛ 33,000 ብር ይሆናል። ሕክምናው ለብቻው ነው። ጨርሶ መሥራት የማይችል ሆኖ ከቀረ ደግሞ የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ማለትም 240,000 ብር። እንደ ልጁ ያለ ከፊል ጉዳት ከዚሁ ላይ እንደ ጉዳቱ መጠን ይሰላል። ከእኛ ውስጥ ይህን ከኪሱ አውጥቶ ሥራውን የሚቀጥል ማን አለ?

ዛፍ ቆረጣና አትክልት፣ ደሴ

የሐይቋ እህታችን ያነሳችው ተገቢ ነው። አደጋውን አልክድም። ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ባህር ዛፍ ስንጥል፣ ገመዱን የያዘው ሰው ክረምት ላይ እግሩ አይጸናለትም። ከፍ ያለ ዋጋ ይጠየቅብኝ፣ አልቃወምም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስምንት ሠራተኛ አለኝ። ዛፍ ላይ የሚወጡትና ቼንሶ፣ የሞተር መጋዝ፣ የሚይዙት ሁለት ናቸው። ስድስቱ መሬት ላይ ነው ሥራቸው፣ ቅርንጫፍ ይሸከማሉ፣ ሣር ይተክላሉ። የንግድ ፈቃዴ ላይ ዛፍ ቆረጣ ስላለ ስምንቱንም እንደ ዛፍ ቆራጭ ነው የሚያስሉብኝ። ሰው በሚሠራው ሥራ ይለካ ብለን እንጠይቅ። ያኔ የችግኝ ጣቢያዋም በእኔ ዕዳ አትገባም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደሴ

ጋሼ፣ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ያሉትን በቁጥር ሞከርኩት። መቶኛዎቹ የማንም ኩባንያ ዋጋ አይደሉም፣ ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። የመሬት ሥራው 1 በመቶ፣ የዛፉ 3 በመቶ ይሁን እንበል። ስምንቱም በወር 4,000 ብር ቢከፈላቸው የዓመቱ ደመወዝ 384,000 ብር ነው። ሁሉም በ3 በመቶ ቢታሰቡ አረቦኑ 11,520 ብር ይመጣል። ሲለያዩ ግን ስድስቱ 2,880፣ ሁለቱም 2,880፣ ድምሩ 5,760 ብር። በግማሽ ወረደ ማለት ነው፣ ያውም ማንም ሳይዋሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። መሬት ላይ ነው ብለን ያስመዘገብነውን ልጅ ሰው ቀረ ብለን ዛፍ ላይ ማውጣት አይቻልም። የወደቀ ቀን ክርክሩ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ኮንትራክተር፣ ደሴና ኮምቦልቻ

መጓጓዣውም ይግባ። እኛ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን በተከራየነው መኪና ጭነን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት እንወርዳለን። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም ለዚሁ በተከራየው መኪና ሲሄዱና ሲመለሱ የሚደርስ ጉዳት በሕጉ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። የኢንሹራንሱ ውል ይሸፍነዋል ወይ ብለን በጽሑፍ እንጠይቅ። ሐረጎን የወረደ ያውቀዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደሴ

እስካሁን ከተባለው ተነስቼ የደብዳቤውን ዋና ክፍል እንዲህ ጻፍኩት፦

«የማኅበራችን አባላት በአንድነት የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ ለመግባት ዋጋ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ሠራተኞቻችን እንደ ድርጅቱ ፈቃድ ሳይሆን እንደሚሠሩት ሥራ በሦስት እንዲመደቡልን፣ ይኸውም ችግኝ ጣቢያ፣ የመሬት ላይ የአትክልት ሥራ፣ እንዲሁም ዛፍ ቆረጣ። የቀን ሠራተኞች በየቀኑ በመዝገብ ስማቸውና ክፍያቸው ይሰፍራል። በዓመቱ መጨረሻ አረቦኑ በትክክል በተከፈለው ደመወዝ ተሰልቶ ይስተካከል። በድርጅቱ መጓጓዣ የሚደርስ ጉዳት መሸፈኑ በግልጽ ይጻፍልን። በእኛ በኩል መነጽር፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና የከፍታ ገመድ እናቀርባለን፤ አጠቃቀሙንም እናስተምራለን።»

መዝገቡን በተመለከተ ተራ ደብተር ይበቃል። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይሞላ፣ ማታ አይደለም። በየሳምንቱ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።

የግቢ ውበት ሥራ፣ ኮምቦልቻ

እፈርማለሁ። መነጽር የሚለው ላይ ግን የማይጨልም ዓይነት ተብሎ ይጨመር። ርካሹን ገዝተን ብንሰጣቸው ኪሳቸው ነው የሚከቱት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደሴ

ጨምሬዋለሁ። ሐይቅ፣ ምን ትያለሽ?

ችግኝ ጣቢያ፣ ሐይቅ

ለብቻችን የምንመደብ ከሆነ አለሁበት። የሴቶቹን ስምና ደመወዝ ማታ እልካለሁ። አምስት ብዬ ነበር፣ ስድስት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማዳበሪያ ልታዞር የምትመጣዋን ሳልቆጥራት ቀርቼ ነው።