ማታ ማታ ደረጃችን ላይ የሚሰበሰቡትን ልጆች ምን እናድርጋቸው? (ደሴ)

ጉም_በጉም

ሰላም የደሴ ልጆች፣ ኮምቦልቻም ያላችሁ። ረዘም ይላል ይቅርታ፣ ግን ለሰው ካላወራሁት ልፈነዳ ነው።

ሰፈራችን ከፒያሳ ወደ ጦሳ በኩል ሽቅብ ነው፣ የት እንደሆነ ቁርጥ አድርጌ አልናገርም። ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መንገዱ ሽቅብ ቁልቁል ነው፣ የኛ በር ደግሞ የሚከፈተው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ነው። ዛሬ አመት ገደማ ከታች አንድ ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ሻይ ቤት የሚለው ታፔላው ነው እንጂ ከኋላ ይቃምበታል ሺሻም አለ ይባላል። ከዛ ወዲህ ከምሽቱ 1 ሰአት በኋላ ደረጃው የነሱ ነው በቃ። ስምንት ዘጠኝ ይሆናሉ፣ ቅዳሜ ከሆነ አስራ አምስት። ስፒከር አላቸው፣ ግድግዳችን ላይ ይሸናሉ፣ ጠዋት በር ስከፍት ገረባው፣ የኦቾሎኒው ልጣጭ፣ ባዶው የውሃ ላስቲክ እኔን ነው የሚጠብቀኝ።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሰራው፣ ስገባ 2፡30 ይሆናል። ጉም ከሆነ ጭራሽ አይታዩም፣ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚሰማው፣ የሲጋራው ጫፍ ደግሞ ቀይ ቀይ ይላል። ማለፍ ግድ ነው ሌላ መንገድ የለም። እኔንስ ይሁን ለምጃለሁ፣ ታናሽ እህቴ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ከመሸ ሱቅ መላክ አቁመናል።

አባዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። በቀደም ከዘራውን ይዞ ወጣና "ልጆቼ መሽቷል'ኮ" አላቸው በቀስታ። አንዱ "ፋዘር ይግቡ ብርድ ይመታዎታል" አለው፣ ሌሎቹ ሳቁ። ይሄው ነው። ስድብ እንኳን አይደለም፣ አንቱ ብሎታል። ግን አባዬ ያን ሌሊት አልተኛም፣ ሬዲዮኑን ከፍቶ ሳያዳምጠው አደረ።

ፖሊስ አራት ጊዜ ደውለናል። ይመጣሉ፣ አልመጡም አልልም። ግን ፓትሮሉ ደረጃ አይወጣ፣ መብራቱን ከሩቅ ያዩታል፣ ፖሊሶቹ ወርደው በእግር እስኪደርሱ በየጓሮው ጥፍት። ከዛ ሃያ ደቂቃ። ሰአት ይዤ ነው የቆጠርኩት፣ ሃያ ደቂቃ ቆይተው ይመለሳሉ። ቀበሌ ሄድኩ ማመልከቻ አስገቢ አሉኝ አስገባሁ፣ ከወር በኋላ ስብሰባ ተጠራ፣ ሶስት ሰአት ሙሉ ስለ ወጣቱ ሚና ተወራ፣ ጎረቤታችን እጇን አውጥታ ስለ ደረጃው ልትናገር ስትል "እሱ በአጀንዳ አልተያዘም" ተባለች።

ጥያቄዬ፣ በሰፈራችሁ እንዲህ አይነት ነገር ገጥሟችሁ ያስቆማችሁ አላችሁ? እንዴት? ይታሰሩ ይገረፉ እያልኩ አይደለም፣ ግማሾቹን ንፍጣቸው ሲንጠባጠብ ጀምሮ ነው የማውቃቸው።

ቦርከና_ዳር

እህቴ አይዞሽ። እኛም ኮምቦልቻ ይሄው ነበር፣ ደረጃ የለንም እንጂ ድልድይ አለን፣ ድልድዩ ላይ ነበር የሚሰፍሩት።

እኛ ቀበሌውን መጠበቅ ትተን በቅሬ፣ ያው በእድራችን ነው የሄድንበት። የቅሬው ዳኛ ሽማግሌዎቹን ይዞ የልጆቹን አባትና እናት ቤት ለቤት ዞረ። ልጆቹን አላናገሩም ልብ በዪ፣ ወላጆቹን ነው። ሸኹም ቄሱም አብረው ነበሩ፣ ወሎ አይደል፣ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ከዛ ነው ወሬው የተነሳው። "ልጅህ የሚሸናው ያንተን ሬሳ የሚሸከመው ሰውዬ አጥር ላይ ነው" አሉት አንዱን አባት። ሰውየው መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ከዛ ወዲህ የሱ ልጅ ድልድዩ ላይ ታይቶ አያውቅም።

ሁለተኛ መብራት። የመንገዱ አምፖል ከሞተ ቆይቷል፣ ማንም አይቀይረው፣ ስለዚህ ከአንድ ሰው ቆጣሪ ስበን ትልቅ አምፖል ሰቀልን፣ በየወሩ እያዋጣን ለሰውየው እንሰጠዋለን። ሰው ፊቱ እየታየ አይሸናም።

ሳልደብቅሽ ግን ሁሉም አልሄደም። ቅሬ የሚሰራው ቅሬ ላለው ነው። ተከራይተው የሚኖሩት፣ ከሌላ ወረዳ ለስራ የመጡት ልጆች አባታቸው እዚህ የለ፣ ማንን ሄደሽ ታናግሪያለሽ? እነሱ እስከዛሬም አሉ፣ ቁጥራቸው ነው የቀነሰው።

ዝም_በል

ቤት ቀይሩ። በቃ። ይሄ አገር አይስተካከልም።

ጉም_በጉም

@ዝም_በል አባዬ በአስተማሪ ደሞዝ በሰላሳ አመት የሰራው ቤት ነው። ቀይሩ ይላል እንዴ እንደ ካልሲ።

የድሮ_ዩኒፎርም

አስር አመት ፖሊስ ነበርኩ፣ ደሴ አይደለም፣ አሁን ለቅቄያለሁ። ከውስጥ እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ፣ አትቆጪ።

ደውለሽ "ልጆች አስቸገሩን" ስትዪ ተረኛው መዝገቡ ላይ የሚፅፈው ነገር የለውም። ደረጃ ላይ መቀመጥ ወንጀል አይደለም። አስቸገሩን የሚባል ወንጀልም የለም። ስለዚህ ፓትሮሉ መጥቶ በትኖ ይሄዳል፣ መበተን ደግሞ ስራ አይባልም፣ ከፒያሳ ያስነሳሽው ልጅ ሰኞ ገበያ ላይ ይቀመጥልሻል።

በታትነሽ አቅርቢው። የምሽት ጩኸቱና መሽናቱ ለብቻ፣ እሱ በወንጀል ህጉ የደንብ መተላለፍ ውስጥ ነው፣ የ1996ቱ ህግ ሶስተኛው ክፍል ይሄንኑ ነው የያዘው፣ ቀላል ነው ግን ከ1 ቀን እስከ 3 ወር የሚያሳስር አለበት። ሴት ልጅን ማስፈራራት መንካት ካለ ለብቻ፣ እሱ ደንብ አይደለም ከበድ ይላል፣ ከጩኸቱ ጋር ቀላቅለሽ አታቅልይው። ሺሻውና ሲጋራው ለብቻ፣ አዋጅ 1112/2011 አለ፣ ህዝብ በሚገለገልበት ቤት ማጨስ ክልክል ነው፣ ከ21 አመት በታች ላለ ሰው ሲጋራም አልኮልም መሸጥ ክልክል ነው። ሻይ ቤቱ ደግሞ ለብቻ፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ ምን ተብሎ ነው የተፃፈው? ለሻይ ተሰጥቶት ሌላ የሚሰራ ከሆነ እሱን የሚያሽገው ፖሊስ አይደለም ፈቃድ ሰጪው ነው። እኔ በነበርኩበት ከተማ አንድ ጫት ቤት ስንት ጊዜ ፈትሸን ያልተዘጋው ፈቃዱ ታይቶ በአንድ ጠዋት ታሸገ።

ሌላው ምስክር ነው። የያዝኩትን ሰው በ48 ሰአት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብኝ፣ ህገ መንግስቱ ነው የሚለው። ዳኛው "ማን አየ?" ይላል። ሰፈርተኛው ማታ ስልክ ላይ ሲጮህ የነበረው ሁሉ ጠዋት "እኔ አላየሁም፣ ከሰው ጋር አታጣሉኝ" ይላል። ልጁ ይወጣል፣ ወጥቶ እዛው ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ አሁን ደግሞ ጀግና ሆኖ። አስር ጊዜ ደርሶብኛል ይሄ።

ደግሞ እውነቱን እናውራ፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለውን የፀጥታ ነገር ታውቂዋለሽ፣ ስፒከር ጮኸ ብሎ የሚሮጥ ፖሊስ ማግኘትሽም አንድ ነገር ነው።

ብርድ_ለምዶብኝ

የሆጤ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሰሜን እንግሊዝ ነው ያለሁት (የደሴ ብርድ ለዚህ ነበር ለካ ሲያዘጋጀኝ የኖረው)። ወንድማችን ስለ ምስክር ያለው ትዝ አስባለኝ።

እዚህ ለዚህ ነገር የራሱ ስም አላቸው፣ ፀረ ማህበረሰብ ባህሪ ነው ሲተረጎም። በፈረንጅ 1998 አስቦ የሚሉት ትእዛዝ አመጡ፣ ፍርድ ቤት ልጁን እዚህ ሰፈር ድርሽ እንዳትል ይለዋል፣ ከጣሰ እስር። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ለአንዳንዱ ጎረምሳ ሜዳሊያ ሆነለት፣ አስቦ አለኝ እያለ ይኮራበት ጀመር። በ2014 በሌላ ህግ ተኩት፣ የነሱ 2014 ነው፣ የኛንማ 2014 ማን ይረሳዋል። አሁን ፖሊስ የተሰበሰቡትን ለተወሰነ ሰአት ከአካባቢው ዞር በሉ ማለት ይችላል፣ ካውንስሉ፣ ያው ማዘጋጃ ቤት በሉት፣ አንድ መናፈሻ ወይ መንገድ መርጦ እዚህ እንዲህ ማድረግ ክልክል ብሎ እስከ 3 አመት ይደነግጋል፣ የጣሰ በገንዘብ ይቀጣል።

ከሁሉም የወደድኩላቸው ግን አንድ ነገር ነው። ሰው በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ አመልክቶ ምንም ካልተደረገለት ጉዳዬ እንደገና ይታይልኝ የማለት መብት አለው፣ ያኔ ፖሊሱም ካውንስሉም አንድ ላይ ቁጭ ብለው ምን አደረግን ምን ቀረ ብለው ያዩና መልስ ይሰጡታል። አንዱ ወደ አንዱ እየመራ አያመላልሰውም ማለት ነው፣ ቢያንስ በህጉ።

እኔ ራሴ ከላዬ የሚኖር ሰውዬ ነበር፣ ሌሊት 9 ሰአት ላይ ሙዚቃ ሚከፍት። ደወልኩ። ሰው ይልካሉ ስል ወረቀት ላኩልኝ። ቀን፣ የጀመረበት ሰአት፣ ያቆመበት ሰአት፣ ምን አይነት ድምፅ፣ አንተ ምን እያደረግክ ነበር። ተናድጄ ልቀደው ነበር ወላሂ። ግን ሁለት ሳምንት ሞላሁት። ያ ወረቀት ነው ሰውየው በር ላይ ሰው ያስላከው፣ የኔ ጩኸት አይደለም። አንቺም ደብተር ግዢ እህቴ።

አዝዋ

አቦ ተወን እስቲ ሰውዬ፣ እንግሊዝ እና እኛ? እዚህ ወረቀት ብትሞላ ወረቀቷን ሱቁ ሸንኮራ ይጠቀልልባታል።

የድሮ_ዩኒፎርም

@አዝዋ አይ እሱ ያለው ትክክል ነው። ቀንና ሰአት የተፃፈበት ነገር ይዞ የመጣ ሰው ጣቢያ ላይ በሌላ አይን ነው የሚታየው። መርማሪው ራሱ ስራው ይቀልለታል። ሶስት ጎረቤት ከፈረመበት ደግሞ ያው ምስክር ተገኘ ማለት ነው፣ ማንም ብቻውን አልተጋለጠም።

ደረጃ_ላይ

እኔ አንዱ ነኝ። ያንቺ ደረጃ ይሁን የሌላ አላውቅም፣ ግን ከነዛ ልጆች አንዱ ነኝ።

ሁላችሁም ለምን እዛ እንደምንቀመጥ አልጠየቃችሁም። እኔ የምኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው፣ አምስት ነን፣ እናቴ ማታ እንጀራ ትጋግራለች ጭሱ አይጣል ነው፣ የት ልሂድ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እሰራ ነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ ሲቆም እኔም ቆምኩ፣ ከዛ ወዲህ የቀን ስራ ከተገኘ ነው። ለቲክቶክ ዳታ የሚገዛ ገንዘብ የለኝም። የኛን ደረጃ የመረጥነው እኮ ዋይፋይ ስለሚደርስ ነው! የሻይ ቤቱ ፓስወርድ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እስከ ሰባተኛው ደረጃ ድረስ ይሰራል፣ ስምንተኛው ላይ ይቆረጣል። ከሰባተኛው በላይ የተቀመጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

መሽናቱ ልክ አይደለም፣ እሱን አልከራከርም። ሽንት ቤቱን ከ2 ሰአት በኋላ ይቆልፉታል። ሴት መልከፉን ደግሞ እኔ አላደርግም፣ የሚያደርጉ አሉ፣ ዝም እላለሁ፣ ዝም ማለቴ ነው ጥፋቱ እሺ።

ጉም_በጉም

@ደረጃ_ላይ ዋይፋይ!! አንድ አመት ሙሉ በራችን ምን አደረጋቸው ብዬ ሳስብ። ቆይ አሁን ወጥቼ ደረጃውን ልቁጠር።

ስለ ዝምታህ ያልከው ግን ቆጨኝ፣ ምክንያቱም እኔ ሳልፍ ከሚለክፈው አንድ ልጅ ይልቅ ዝም የሚሉት ስምንቱ ናቸው የሚያስፈሩኝ። አንድ ሰው ብቻ "ተው እቱን" ቢለው።

ጉም_በጉም

(ከሶስት ሳምንት በኋላ) ምን ደረሰች ላላችሁኝ።

ቆጠርኩት፣ በራችን ስድስተኛው ላይ ነው።

ሻይ ቤቱ ጋ እኔ አልሄድኩም አባዬና የቅሬያችን ፀሀፊ ሄዱ። ስለ ሺሻው አላነሱም፣ በፈቃዱም አላስፈራሩትም፣ ብቻ "ንግድ ፈቃድህ የት ነው የተሰቀለው?" ብሎ አባዬ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ነበር አሉ፣ በአስተማሪ አይን። ሰውየው ራሱ ነው "ጋሼ ምን ላድርግ" ያለው። አሁን ዋይፋዩ 2 ሰአት ላይ ይጠፋል፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ እስኪዘጋ ክፍት ነው። አምፖል ከኛ ቆጣሪ ሰቅለናል፣ ሁለት ቤት ለማዋጣት እሺ ብሏል ሶስተኛው "እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው አልሰማቸውም" አለ፣ ምን ይባላል።

ቁጥራቸው ወደ አራት ወርዷል። ሌሎቹ ከታች ሌላ ሰዎች አጥር ስር ሄደዋል ሲባል ሰማሁ፣ ደስ አላለኝም፣ እነሱም እንደኛ ሊደውሉ ነው። የሚለክፈው ልጅ ከአራቱ አንዱ ነው። ፊቱ ብርሃን ላይ ስለሆነ አሁን ሲያየኝ ስልኩን ያያል፣ ሐሙስ እለት ግን እህቴን ከሱቅ ስትመለስ መንገድ ዘጋባት።

ደብተሩን ይዣለሁ። 11 ጊዜ ተፅፏል፣ ቀን፣ ሰአት፣ ምን ተደረገ። የሐሙሱን እህቴ በራሷ እጅ ነው የፃፈችው። ሁለት ጎረቤት ፈርሟል። @የድሮ_ዩኒፎርም ጋሼ፣ ሰኞ ጣቢያ ልወስደው ነው፣ ኮፒ አድርጌ ኮፒውን ልስጣቸው ወይስ ኦሪጅናሉን ነው የሚፈልጉት? እህቴ 14 አመቷ ነው፣ እሷም መቅረብ አለባት ወይስ አባዬ ይበቃል? ካለች ሴት ፖሊስ ብታነጋግራት እመርጣለሁ፣ እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው?