የበሩ ፎቶ ላይ ያለው መጥረጊያ ምን ይሠራል?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ አሮጌ ቤቶች ሳይፈርሱ በሮቻቸውን በስልክ እያነሳሁ ነው። እግረ መንገዴን የድሮ ፎቶ ሳገላብጥ ታልቦት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1844 ያነሳው «ክፍት በር» ላይ ተተከልኩ። ገርበብ ያለ የሳንቃ በር፣ ደጁ ላይ የተደገፈ መጥረጊያ፣ የተንጠለጠለ ፋኖስና ልጓም። ሰው የለም። አንዳንዱ በሩ የሞትና የሕይወት መሻገሪያ ነው፣ ፋኖሱ እውቀት ነው ምናምን ይላል። እውነት ሰውዬው ይሄን ሁሉ አስቦ ነው ወይስ እኛ ነን የምንጨምርለት?

ጨለማ ክፍል፦
መጀመሪያ ብርሃኑን እይ። ያኔ ኔጋቲቩ (ፎቶው የሚታተምበት መነሻ ምስል) በብር ኬሚካል የተነከረ ወረቀት ነው፤ ብርሃን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ቤት ውስጥ ማንሳት ፈተና ነበር፣ ሰው ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ይደበዝዛል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። በር የትም አይሄድም። ፀሐዩ ደፉ ጋ ሲደርስ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ያ ጨለማ ግማሹ የኬሚካሉ ሥራ ነው።

መጥረጊያው ግን በአጋጣሚ የቆመ እንዳይመስልህ! ከዚያ በፊትም ከነመጥረጊያው ሞክሮታል፤ እናቱ ለአንደኛው ሙከራ «መጥረጊያው ለብቻው ሲያወራ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ራሱ በመጽሐፉ የጠቀሰው የደች ሠዓሊዎችን ነው፣ የዕለት ተዕለት ኑሮን ለሥዕል ያበቁትን። ሞትን አላነሳም።

ኮምቦልቻዋ፦
አብሽር፣ እሱ ባያስበውም እኛ ማንበብ እንችላለን። ባለሥልጣን ጋ መመላለስን ደጅ ጥናት ያልን፣ ሹመቱን ሳይቀር ደጃዝማች ብለን በደጅ የሰየምን ሰዎች አይደለን እንዴ? እዚያው ደሴ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ማንም ይግባ ነው እንግዲህ።

ግን መጥረጊያ ደጅ ላይ? አያቴ ብታየው ጉድ ይፈላ ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸሸገው እሱ ነው። ለኔ ያ ፎቶ ባለቤቷ መጥረግ ጀምራ ትታው የገባችበት ቤት ነው፣ አለቀ።

የጦሳ ልጅ፦
ሃሃ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ሆነ መሰላችሁ። አንድ ቤት አገኘሁ፣ ደፉ መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ሰማያዊው ቀለም ተልጦ ከሥር አረንጓዴ ብቅ ብሏል፣ በሩ ገርበብ፣ አጠገቡ መጥረጊያ! እማማን አስፈቀድኳቸው። «ቆይ፣ እንደዚህማ አታነሳውም» ብለው መጥረጊያውን ይዘው ገቡና በሩን ጥርቅም አደረጉት። ከዚያ ከውስጥ ሆነው «በል አሁን አንሳ!»