ባለ አምስት አክሲስ ልግዛ ወይስ ባለኝ ላይ አራተኛ አክሲስ ልጨምር? (አዳማ)

ፍሬዛ_ወንጂ_መንገድ

ሰላም ለዚህ ቤት። ዎርክሾፓችን አዳማ ነው፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በኩል። ሁለት ባለ ሦስት አክሲስ (በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ) ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን፣ አንድ ሲኤንሲ ቶርኖ፣ አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ ትራፓኖ አለን። ሰባት ሰው ነን፤ ሻይ የምታፈላልን ልጅ ስትቆጠር ስምንት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስኖ ፓምፕ አካል ከአሉሚኒየም እንሠራለን፣ በወር ወደ 60 ፍሬ። አንዱ አካል አራት ጊዜ ሞርሳ (ዕቃ መያዣ) ላይ ይታሰራል። በየእስሩ ዳያል (ማይክሮን የሚለካ መርፌ ያለው መለኪያ) አስጠግቶ ማስተካከሉ 12 ደቂቃ ይበላል። ሰዓት ይዤ ለካሁት። አንድ ፍሬ ላይ 48 ደቂቃ፣ በወር 48 ሰዓት ማሽኑ ምንም ሳይቆርጥ ይቆማል። ይሄ አልበቃ ብሎ ከ60ው አራት አምስቱ ይበላሻሉ። አራተኛው እስር ላይ ትንሽ ይዞርና ቀዳዳዎቹ አይገናኙም። ባለፈው ወር የተበላሹትን በር ላይ ደርድሬአቸው ሳለ ደንበኛው መጣና "እነዚህ የማን ናቸው?" አለኝ። "የጎረቤት" አልኩት።

አሁን እጄ ላይ የባለ አምስት አክሲስ ማሽን ሁለት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አለ። አንዱ አዲስ ማሽን ነው፤ ጠረጴዛው ያዘነብላል፣ ይዞራል። ስፋቱ 630 በ500 ሚሊሜትር፣ ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ) በደቂቃ 12,000 ዙር። ሌላው ዘጠኝ ዓመት የሠራ የአውሮፓ ማሽን ነው፣ ዋጋው በግማሽ ግድም። ብሩን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴም ታነባለች።

ምን ምኑን ልይ? ሁለቱም ሻጮች የሚያወሩኝ ስለ ፍጥነት ብቻ ነው።

ማይክሮን

ስለ ፍጥነት የሚያወሩህ ሌላውን እንዳትጠይቅ ነው። አዲስ አበባ ሞልድ (የፕላስቲክ ማፍሰሻ ቅርጽ) ቤት ውስጥ ባለ አምስት አክሲስ ላይ 11 ዓመት ቆሜአለሁ። ስፒንድሉ ፍጥነት አጥሮት የተበላሸብኝ ሥራ አላስታውስም። ሲያበላሹብኝ የኖሩት የሚዞሩት ሁለቱ አክሲሶች ናቸው።

አንድ ነገር እንለይ። አምስቱም አክሲስ ባንዴ እየሄዱ መቁረጥ ሌላ ነው። ሁለቱ ዞረው ከተቆለፉ በኋላ ሦስቱ ሲቆርጡ ደግሞ ሌላ። ያንተ የፓምፕ አካል ሁለተኛው ነው። እንደ ቅጠል የተጠማዘዘ የኢምፔለር (ፓምፑ ውስጥ ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ክንፍ ካልሠራህ አምስቱ ባንዴ መሄዳቸው ምንም አይጨምርልህም። ሻጭ የሚያሳይህ ቪዲዮ ግን ሁሌም ያው ኢምፔለር ነው!

ስለዚህ ጠረጴዛው በምን እንደሚዞር ጠይቅ። በወርም ጊር (በጠመዝማዛ ጥርስ) ከሆነ ሲያረጅ ክፍተት ያመጣል። በቶርክ ሞተር (ያለ ጊር በቀጥታ በሚያዞር ሞተር) ከሆነ የሚበላ ጥርስ የለውም፣ ዋጋው ግን ይጨምራል። ኢንኮደሩስ (የዙሩን ልክ የሚያነበው) ያለው ሞተሩ ጀርባ ነው ወይስ ራሱ የሚዞረው አክሲስ ላይ? አሥር አርክ ሰከንድ ስህተት፣ ከመሃል 250 ሚሊሜትር ርቆ 12 ማይክሮን ይሆናል። አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ነው። ዓይን አያየውም፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚገጥመው ቡሽ (የብረት ቀለበት) ግን ያየዋል።

ያገለገለውን ልታይ ስትሄድ የራስህን አሉሚኒየም ተሸክመህ ሂድ። አራት ማዕዘን ቁራጭ ይበቃል። ጠረጴዛው ዜሮ ላይ ሳለ የአንዱን ጎን ግማሽ በካተሩ (በመቁረጫው) ጎን ላጠው። ከዚያ 90 ዲግሪ አዘንብለህ የዚያኑ ጎን ቀሪ ግማሽ በካተሩ ጫፍ ላጠው። መገናኛውን በጥፍርህ ዳብሰው። የካተሩን ዲያሜትር ግን አስቀድመህ ለካ፤ አለዚያ የካተሩን ጥፋት ለማሽኑ ትሰጣለህ። ጥፍርህን ከያዘው ሻጩ "ካሊብሬሽን ብቻ ነው" ይልሃል። "እንግዲያው አሁን፣ እኔ ቆሜ እያየሁ አድርገው" በለው። ፕሮብ (ነክቶ የሚለካ መሣሪያ) እና የካሊብሬሽን (የማስተካከያ) ኳስ ካለው ቀን የሚፈጅ ሥራ አይደለም። ከሌለው ዋጋው ላይ እሱንም ደምር።

ቀጥሎ ኮንትሮለሩ፣ የማሽኑ ኮምፒውተር። ላንተ ሥራ የሚያስፈልገው ያዘነበለ የሥራ ገጽ የሚባለው ትዕዛዝ ነው። ፋኑክ በሚባለው ኮንትሮለር ላይ ጂ68.2፣ ሲመንስ ላይ ሳይክል 800 ይባላል፤ ሃስ ላይ ተቀራራቢውን ሥራ የሚሠራው ጂ254 ነው። ይሄ ከሌለ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሚሊሜትር ባንቀሳቀስክ ቁጥር ፕሮግራሙን ከካም ሶፍትዌሩ (የመቁረጫውን መንገድ ከሚያወጣው) እንደ አዲስ ማውጣት ነው። ኢምፔለር ከመጣ ደግሞ የካተሩን ጫፍ የሚከተለው ትዕዛዝ ያስፈልጋል፤ ፋኑክ ላይ ጂ43.4 ነው። እነዚህ ብዙ ጊዜ ለብቻ የሚሸጡ ናቸው። ፕሮፎርማው ላይ ተጽፈው ካላየሃቸው የሉም በል።

ደግሞ ጠረጴዛው 630 ነው ማለት 630 የሚያህል ዕቃ ታዞራለህ ማለት አይደለም። የዕቃህንና የሞርሳውን ቁመት ደምረህ ካርቶን ቁረጥ። የማሽኑን የውስጥ ስዕል መሬት ላይ በትክክለኛ ልኩ ሥራና ካርቶኑን አዙረው። የት እንደሚጋጭ ያኔ ታያለህ። እኔ የተማርኩት በካርቶን አልነበረም። አንድ ቀን ማታ፣ ሊወጣ የቀረው አንድ ሞልድ ብቻ ነው። ሲሙሌሽኑ ላይ ማሰሪያዋን ሳላስገባ ስታርት ነካሁ። ጠረጴዛው ሲያዘነብል የካተር መያዣው ማሰሪያዋን በጎኑ አገኛት። ድምፁ እንደ ደወል ነበር። የስፒንድሉ ኩሽኔት ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ወር ቶርኖ ላይ ቆምኩ።

ሦስት_ፌዝ

የማሽኑን ነገር ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ልናገር።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ነው። የአብዛኛው ድራይቭ (ሞተሩን የሚነዳው ኤሌክትሮኒክስ) እና ሞተር ሙሉ አቅም የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል መቀነስ የተለመደ ስለሆነ ሰባት በመቶ አካባቢ ቀንሰህ አስብ። የባሰው ኮምፕረሰሩ ነው። እኛ ጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በ18 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ካታሎጉ ላይ ባለው ቁጥር ልክ ከገዛህ ያጥርሃል። ማድረቂያም ጨምርበት።

አቧራው ደግሞ አለ። እዚሁ አናታችን ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የንፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ንፋሱ ለፍቶ አዳሪ ስለሆነ ነው። ያው ንፋስ አቧራውን ኤሌክትሪክ ካቢኔትህ ውስጥ ይከተዋል። ፊልተሩን በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር ጠይቅ፣ መለዋወጫውን አብረህ እዘዝ። ጣሪያህ ቆርቆሮ ከሆነ ሙቀቱንም አስብ። ግማሽ ሜትር ብረት በ12 ዲግሪ ልዩነት ወደ 70 ማይክሮን ይረዝማል። ጠዋት የለካኸውን ከሰዓት አታገኘውም።

ያገለገለው ጋ ስትሄድ አንድ ሙከራ አድርግልኝ። ስፒንድሉን ጠረጴዛው ላይ ካለ እንጨት በላይ 50 ሚሊሜትር አቁመው። ዳያሉን ከሥሩ አስጠጋ። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አጥፋ። ዜድ (ወደ ላይና ታች የሚሄደው አክሲስ) ስንት ማይክሮን ወረደ? ብሬኩ ካረጀ ዳያሉ ይነግርሃል። መብራት ባልታሰበ ሰዓት ሲሄድ የምታገኘው ያንኑ ነው፤ ያኔ ግን ካተሩ ያለው ዕቃው ውስጥ ነው። እጅህን ብቻ ከሥር አታስገባ።

ቁጠባ

ይቅርታ፣ እኔ ገንዘቡን ነው የማየው። አራት እስር አለህ። ባለህ ማሽን ላይ የሚዞር አራተኛ አክሲስ ብትጨምር አራቱ ጎኖች በአንድ እስር ያልቃሉ። አምስት አክሲስ የሚያስፈልግህ ላዘነበለ ቀዳዳ ብቻ ነው። ስንት አሉህ? ወዴትስ ነው የሚያዘነብሉት? አራተኛው አክሲስ በሚዞርበት አቅጣጫ ካዘነበሉ እሱም ይደርስባቸዋል። ድሮዊንጉን እይና ንገረን።

ፍሬዛ_ወንጂ_መንገድ

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጋሽ ማይክሮን፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጠን የዎርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ ሣልን። ኦፕሬተሬ ካርቶኑን እያዞረ እኔ እንደ በር ቆምኩ። አዲሱ ማሽን ላይ ሞርሳው እንዳለ 70 ዲግሪ ላይ ጥጉ ይነካል። ሞርሳውን አውጥተን ዝቅ ያለ ማሰሪያ ሰሌዳ ካደረግን ግን ያልፋል። ይሄን ከገዛሁ በኋላ ባውቀው ኖሮ!

የአዲሱን ሻጭ ስለ ያዘነበለው የሥራ ገጽ ጠየቅኩት። "እሱ ኦፕሽን ነው" አለኝ፣ ሌላ ወረቀት ላከ። ፕሮፎርማው ላይ አልነበረም። ያገለገለውን ሻጭ "አሉሚኒየሜን ይዤ ልምጣና ልቁረጥበት" ካልኩት ወዲህ ስልክ አያነሳም።

ቁጠባ፣ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ። ያዘነበሉ ቀዳዳዎች ሁለት ናቸው። አንዱ በ30 ዲግሪ፣ ልክ አራተኛው አክሲስ በሚዞርበት አቅጣጫ። ሁለተኛው ግን በሁለት በኩል ያዘነብላል፣ 30 እና 15። እሱን አራት አክሲስ አይደርስበትም። ደንበኛው ጋ ደውዬ ይሄ 15 ዲግሪ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና "እኔም አላውቅም፣ አሮጌው ፓምፕ ላይ እንደዚያ ስለነበር ነው" አለኝ። 15ቱን ቢያወጣው ይሠራ እንደሆነ መሐንዲሱን ጠይቆ እስከ ሐሙስ ሊነግረኝ ነው።

እስከዚያ የአራተኛ አክሲስ ፕሮፎርማ አስመጣሁ። ወርም ጊር ነው፣ መቆለፊያው በአየር። እህቴ ሦስት ፌዝ፣ ኮምፕረሰሬ ላይ 7 ባር ነው የሚያሳየው፤ ሁለቱም ማሽኖች አብረው ሲሠሩ ግን ወደ 5 ይወርዳል። መቆለፊያው በ5 ባር ይይዛል ወይስ መጀመሪያ ኮምፕረሰሩን ልቀይር?