ከኮምቦልቻ ወደ ሲንተቲክ ባዮሎጂ ላብ፦ የትኛውን ልምረጥ?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተመርቄ አሁን አሜሪካ ለዶክትሬት ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ። ቪዛውም ወጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሦስት ላብ እየተዘዋወርኩ ከሠራሁ በኋላ አንዱን እመርጣለሁ። ሁለቱ የሲንተቲክ ባዮሎጂ (ጂን ነድፎ ሕያው ሴል ላይ የመጨመር ሙያ) ናቸው። የአንደኛው ፕሮፌሰር ስሙ የገነነ ነው፤ ሌላው ገና አዲስ ነው። የትኛው ይሻለኛል? ደግሞ አባቴ «የአላህን ፍጥረት ልትቀይሪ ነው የምትሄጂው?» እያለኝ ነው። ምን ብዬ ላስረዳው? አያቴ ጋ አቀንጭራ (የሰብል ሥር የሚጠባ አረም) ብዙም የማይደፍረው የሚባል ማሽላ አለ። ትንሽ ዘር በሻንጣዬ ይዤ ብሄድ ብዬም አስቤያለሁ።

መልስ፣ ከቦስተን

አብሽሪ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሮቢት ነው ያደግኩት። አሁን የምሠራው እንዲህ ያለ ላብ ውስጥ ነው። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ይህን ውሳኔ የሚያማክረው ሰው አጥቶ የተጎዳ የሀገር ልጅ አይቻለሁና።

ላቡን በስሙ አትምረጪው። ሙከራ ሲከሽፍ እዚያ ቤት ምን እንደሚባል አይተሽ ምረጪ።

ለምን መሰለሽ? የዚህ ሥራ አብዛኛው ክፍል ክሽፈት ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። የምትፈልጊውን ጂን በኮምፒውተር ጽፈሽ ታዢያለሽ፤ ተሠርቶ በትንሽ ቱቦ ይመጣልሻል። ፕላዝሚድ የሚባል፣ ጂን ተሸክሞ ባክቴሪያ ውስጥ የሚገባ ክብ ዲኤንኤ ላይ ትቀጥዪዋለሽ። ከማይነስ 80 ፍሪዘር የወጣ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በረዶ ላይ አስቀምጠሽ ዲኤንኤውን ትጨምሪበታለሽ። 42 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ገደማ ታቆዪውና መልሰሽ በረዶ ላይ። ከዚያ አንቲባዮቲክ ያለበት ፕሌት (ባክቴሪያ የሚያድግበት ትንሽ ሳህን) ላይ ቀብተሽ 37 ዲግሪ ላይ ታሳድሪዋለሽ። ጠዋት ስትመጪ ፕሌቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ካሉ ደስ ይልሻል። ግን ገና ነው። ዲኤንኤው ሲነበብ አንድ ፊደል ተሳስቶ ታገኚዋለሽ። ወይም ሁሉ ነገር ልክ ሆኖ፣ ያሸከምሽው ጂን ሲከብደው ባክቴሪያው ያበላሸዋል። ጂኑን ያበላሸው ሴል ከሌሎቹ ቶሎ ይራባል፤ በማግስቱ ቱቦሽን የሞላው እሱ ነው።

እኔ ያለሁበት ላብ በየሳምንቱ ስብሰባ አለው። አንዴ አንድ ተማሪ ምንም ያልበቀለበት ባዶ ፕሌት ፎቶ አንስቶ ስክሪኑ ላይ አወጣው። ፕሮፌሰሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ «ኮንትሮሉስ?» አለችው፤ ደህና መሆኑ የሚታወቅ ዲኤንኤ የተጨመረበትን ማለቷ ነው። እሱም ባዶ ነው። «እንግዲያው ዲኤንኤህ ምንም አልሆነም፣ ሴሎቹ ናቸው የሞቱት» ብላ ወደ ሌላዋ ተማሪ ዞረች። ያቺ ልጅ የፍሪዘሩ በር በዚያ ሳምንት በደንብ ሳይዘጋ ማደሩን ተናገረች። በቃ፣ እዚያው አለቀ። ሌላ የማውቀው ላብ አለ፣ ስሙ የትም የሚጠራ። እዚያ ባዶ ፕሌት የሚያሳይ ሰው የለም። ሁሉም የተሳካለትን ብቻ ይዞ ይቀርባል። አንድ የኛው ልጅ የሞተ ሴል ላይ ወራት ሲለፋ ከርሟል። ጎበዝ ልጅ ነው። «አልሆነልኝም» ብሎ አፉን የሚከፍትበት ቦታ ነው ያጣው።

እኛ ደግሞ ታላቅ ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ተምረን ነው ያደግነው። እዚህ ዝም ስትዪ ገብቷታል ብለው ያልፉሻል። ፕሮፌሰሩን በስሙ ነው የምትጠሪው፤ መጀመሪያ ላይ አፍሽ እምቢ ይልሻል፣ ትለምጂዋለሽ።

እየተዘዋወርሽ ስትሠሪ ፕሮፌሰሩ በሌለበት ተማሪዎቹን ቡና ጋብዣቸው። የመጨረሻው ተመራቂ ስንት ዓመት ፈጀበት? አሁን የት ነው ያለው? አቋርጦ የወጣ አለ ወይ? ለምን ወጣ? መልሱ ላይ ሰው ሲጎረብጠው ካየሽ እሱ ራሱ መልስ ነው። ገንዘቡንም በቀጥታ ጠይቂ፦ «ግራንቱ እስከ መቼ ይቆያል?» ማለት እዚህ ነውር አይደለም። እንደኔ እንደኔ ግን ለአዲሱ አዳላለሁ። አዲስ ፕሮፌሰር ራሱ ጓንት አጥልቆ አጠገብሽ ይቆማል፤ የፒፔት አያያዝሽን ሳይቀር ያርምሻል። የገነነው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው።

አባትሽን በተመለከተ። ዘመድ አዝማድ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አይጠፋም። ከኢንሱሊኑ ጀምሪለት። ድሮ ኢንሱሊን የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የሰው ኢንሱሊን ጂን ገብቶለት በባክቴሪያ የተመረተው ተፈቀደ። ዛሬ ሰው የሚወጋው ባብዛኛው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የተሠራው ነው። የአሳማውን ነገር ሲሰማ አባትሽ ራሱ ቀጥሎ ይጠይቅሻል። የደሴ ቄስም የቦሩ ሜዳ ሼህም ቢሆኑ በዚህ ላይ ጥሩ ጨዋታ ይኖራቸዋል።

ቀጥሎ ወባን ንገሪው። የባቲና የቃሉ ቆላ ሰው የወባውን መድኃኒት ኮአርተምን ያውቃል። በውስጡ ያለው አርቴሜተር መነሻው አርቴሚሲኒን ነው፤ እሱም የሚገኘው ከአንድ የአርቲ ዘመድ ከሆነ ተክል ነው። አሜሪካ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪው የጄይ ኪስሊንግ ቡድን የተክሉን ጂኖች እርሾ ውስጥ አስገብቶ የመድኃኒቱን ጥሬ ዕቃ አስመረተው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳኖፊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በፋብሪካ ማምረት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ ከእርሻ የሚገኘው ዋጋው ስለወረደ የእርሾው እንደታሰበው አልተስፋፋም። ይህንንም አትደብቂው። አባትሽ ነጋዴ ከሆነ ከሁሉም በላይ የሚገባው ይኼ ነው።

ዘሩን ግን በሻንጣ እንዳትይዢ! አደራ። ከኛ በኩል አዋጅ 482/1998 አለ፤ የዘረመል ሀብት ከሀገር የሚወጣው በፈቃድ ብቻ ነው። እዚህም ዘርና አፈር ያለ ግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አይገባም። ኤርፖርት ላይ ከመወረሱ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም የማሽላ ክምችት ውስጥ ላይሲን (ሰውነት የሚያስፈልገው የፕሮቲን ክፍል) የበዛባቸውን ሲፈልጉ ሁለት አገኙ። ሁለቱም የወሎ ናቸው። የኛ ገበሬ «ወተት በጉንጬ» የሚለውን ማሽላ ምንነት ዓለም ያወቀው ያኔ ነው። የወሎ ገበሬ ግን በምላሱ አውቆ፣ ስም አውጥቶለት ኖሯል። የአያትሽ ዘር ሲወጣ ከነስማቸውና ከነመብታቸው ይውጣ።

አስተያየት፣ ከሚኒያፖሊስ

የቦስተኑ ወንድማችን ሁሉን ብሎታል። እኔ የኑሮውን ትንሽ ልጨምር። ላብ ውስጥ ምግብም ውኃም አይገባም፤ ስለዚህ ረመዳን ላይ ከባድ አይሆንብሽም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ባክቴሪያው ለኢፍጣር አይጠብቅሽም። ባክቴሪያውን ጠዋት ቀድመሽ ዝሪው፣ አመሻሽ ላይ ነፃ ትሆኛለሽ። የጁምዓ ሰዓትሽን ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ንገሪያቸው፤ የጋራ ካላንደር ላይ አስገቢው። ማንም ቅር አይለውም።

ሌላው ብር ነው። ስታይፔንድ የተማሪ ብር ነው። ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚተርፈው ብዙ አይደለም። ቤተሰብሽን ከመሄድሽ በፊት ቁጭ ብለሽ አስረጃቸው። ከሄድሽ በኋላ በስልክ ስትናገሪው ይከፋቸዋል።

አስተያየት፣ ከደሴ

የኛ ልጅ፣ መንገድሽን ያቅናው። እኔ የማስተምረው እዚሁ ነው። በ2014ቱ ጦርነት የዩኒቨርሲቲያችን ላብራቶሪዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። እየተተካ ያለ ነገር አለ፤ ነገር ግን ኤንዛይም ማይነስ 20 መቆየት አለበት፣ መብራት ደግሞ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ሴል አልባ ሲስተም የሚሠራ ሰው ካገኘሽ ተጠግተሽ ተማሪ። የሴሉን ማሽነሪ አውጥተው ወረቀት ላይ በቅዝቃዜ ያደርቁታል። ውኃ ጠብ ሲደረግበት እንደገና ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ተመራማሪ የጄምስ ኮሊንስ ቡድን ያወጣው ነው፤ በ2016 ደግሞ ለዚካ ቫይረስ ምርመራ ሞክረውታል። ያለ ፍሪዘር ይቀመጣል። ለኛ ክፍል ተማሪዎች ከዚህ የሚሻል አልታየኝም።

አቀንጭራንም አትርሺው። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ የሚነቃው የማሽላው ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ሲለቅ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። አሁን ኬሚካሉን በባክቴሪያና በእርሾ ማስመረት ተችሏል። ማሽላ ሳይዘራ ማሳው ላይ ቢረጭ አቀንጭራው ነቅቶ የሚጠባው አጥቶ ይሞታል የሚል ሐሳብ አለ። የሚከብደው ዋጋውና ኬሚካሉ አፈር ውስጥ ቶሎ መፍረሱ ነው። ፕሮፌሰርሽ «የራስሽ ጥያቄ አለሽ ወይ?» ሲልሽ ይህን አንሺለት።

ስለ አያትሽ ማሽላ፣ ከመሄድሽ በፊት ስልክ ስጪኝ። አያትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ላሉ የሰብል ዘር አዳቃዮች አብረን እናሳያቸው። መጀመሪያ አቀንጭራ ባለበት ማሳ ላይ እዚሁ ይፈተሽ፤ የማን ዘር እንደሆነም ይመዝገብ። በኋላ አንቺ ጋ መላክ ካስፈለገ በስምምነትና በፈቃድ ይሄዳል።