ባለ ሁለት ብልቃጥ የቆየ ቀለም ማስቀመጫ፦ ክዳኑ አልከፈት ብሏል፣ ነሐስ ነው ዚንክ?

ብራና፦
ሰላም ለእናንተ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው የተባለ የጠረጴዛ ቀለም ማስቀመጫ እጄ ገብቷል። መቀመጫው ቢጫ ብረት ነው፤ ፊት ለፊቱ የብዕር ማሳረፊያ አለው፣ ግራና ቀኝ ሁለት የመስታወት ብልቃጦች፣ መሐል ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር። የቀኙ ክዳን በደረቀ ቀለም ተጣብቋል፤ ከአንገቱ ዙሪያም ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ንስሩ ወርቅማ ቢሆንም የክንፉ ጫፎች ግራጫ ሆነዋል። ነሐስ ነው ወይስ ሌላ? በምንስ ላጽዳው?

ሞረድ፦
ግራጫው ያጠራጥራል። ነሐስም (የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ) ናስም (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ቅባቸው ሲለቅ ከሥር ብቅ የሚለው ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ነው። ግራጫ ከሆነ ዚንክ መሆኑ አይቀርም። ዚንክ 420 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ ከ900 በላይ ከሚፈልገው ነሐስ ይልቅ ለማፍሰስ ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል። በዚያ ዘመን ርካሽ ምስሎች ከእሱ ተሠርተው ነሐስ እንዲመስሉ ይቀቡ ነበር።

ለማረጋገጥ ዕቃውን ገልብጠው። ንስሩ ከመቀመጫው ጋር በብሎንና በዳዶ የታሰረ ከሆነ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ ዳር የማይታይ ቦታ ፈልገህ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ፋቅ አድርግ። ብርማ ጭረት ከወጣ ዚንክ ነው። መቀመጫውን ለብቻ ፈትሽ፤ እሱ ናስ፣ ንስሩ ዚንክ ሊሆን ይችላል። ማግኔት ሦስቱንም ስለማይስብ እዚህ አያግዝም።

የእጅ ሥራውን ደረጃ ለማወቅ ደግሞ ላባውን በማጉያ መነጽር እይ። ከፈሰሰ በኋላ በመቅረጫ የተሠራበት ከሆነ የእያንዳንዱ ላባ መስመር ጠርዙ ስል ነው፣ ጥልቀቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንዲሁ ፈስሶ የቀረው ግን ዶልዱም ነው፤ ቅርጹ የተገጣጠመበት መስመርም ብዙ ጊዜ ሳይሞረድ በክንፉ ሥር ይታያል።

ጸዳል፦
ሎሚና ጨው ቀላቅለህ እሸው፤ በአምስት ደቂቃ አዲስ ይመስላል።

ጠጋኙ፦
እባክህ ይህን አታድርግ! ሎሚ ዚንክን ይበላል። ናስ ላይ ሲቆይ ደግሞ በውስጡ ያለውን ዚንክ እየሸረሸረ የመዳብ ቅላት ይተዋል። ጨው በቅርጹ ስንጥቅ ውስጥ ይቀርና ቆይቶ አረንጓዴ ዝገት ያስነሳል። አሞኒያም መዳብን ስለሚያሟሟ ተወው። የብረት ማወልወያ ቅባቶች ውስጥ የሚያሻክር ዱቄት አለ፤ የወርቅ ቅብ በጣም ስስ ስለሆነ በእነሱ ከተፋቀ አይመለስም። ለስላሳ ብሩሽ፣ የተጣራ ውሃ፣ ከተፈለገም አንድ ሁለት ጠብታ ለዘብ ያለ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ወዲያው አድርቀው። የሚቀረው ጥቁረት ይቅር፤ የላባውን ጥልቀት የሚያሳየው እሱ ነው።

አሁን ወደ ክዳኑ። የሚረግፈው ነጭ ዱቄት ጀሶ ሳይሆን አይቀርም። ክዳኑና ማጠፊያው ያሉበት የብረት ቀለበት ከመስታወቱ አንገት ጋር የሚያያዘው ብዙ ጊዜ በጀሶ ነው። ስለዚህ ብልቃጡን ከነቀለበቱ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፈው፤ ጀሶው ይላላና ቀለበቱ እንዳለ ይወልቃል። ይልቅ ጥጥ ለብ ባለ ውሃ አርጥበህ ጠብ እስከማይል ጭመቅ፣ በክዳኑ መጋጠሚያ ዙሪያ ጠምጥመህ ለ10 ደቂቃ ተወው። ጥጡ ቀለም ሲይዝ በአዲስ ቀይር፤ ቀለም መስጠት እስኪያቆም ድረስ ደጋግም። ለማጠፊያው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አድርገህ አሳድረው። ከዚያ በአውራ ጣት ብቻ ገፋ አድርግ። ቢላ ከሰካህ ክዳኑ ከመላቀቁ በፊት የማጠፊያው ብየዳ ይለቃል፣ ወይም የመስታወቱ ከንፈር ይላጣል። ሙቅ ውሃም አትጠቀም፤ ወፍራም መስታወት በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል።

ቀለበቱ ከወለቀም ተስፋ አትቁረጥ። አሮጌውን ጀሶ በእንጨት ስንጥር ጠርገህ አዲሱን ወፈር አድርገህ በጥብጥ። ከጠጠረ በኋላ ስለማይታረም ቀለበቱን ሳይደርቅ ነው የምታስተካክለው፦ ክዳኑን ዝጋና ከንፈሩ ላይ ዙሪያውን እኩል ማረፉን እይ። ኢፖክሲ የተባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ የሚመክርህ አይጠፋም፣ አትስማው፤ ወደፊት ይነቀል ቢባል መስታወቱን ይዞ ነው የሚሄደው።

ብራና፦
አመሰግናለሁ። ፋቅ ሳደርገው ንስሩ ብርማ፣ መቀመጫው ቢጫ ሆነ። ከንስሩ ኋላ ደግሞ ክዳኑ የተበሳሳ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ሦስተኛ ብልቃጥ ነው?

ሞረድ፦
አይደለም፣ መነስነሻ ነው። ያልደረቀ ጽሑፍ ላይ ደቃቅ አሸዋ፣ ወይም ቀለሙ እንዳይሰራጭ ወረቀቱን ለማለስለስ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል። ፊላደልፊያ ውስጥ ያለው፣ አንጥረኛው ፊሊፕ ሲንግ በ1752 የሠራው የብር ቀለም ማስቀመጫም ይህ ክፍል አለው፤ የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ የተፈረመው በእሱ እንደሆነ ይነገራል። ክዳኑ መሐሉ የጎደጎደ ከሆነ የተረፈውን ዱቄት መልሶ ለማስገባት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም መጣጭ ወረቀት ሲስፋፋ መነስነሻ ከአዳዲሶቹ ላይ እየጠፋ ሄደ፤ ዕድሜውን ስትገምት ይህንንም አስገባ። ውስጡ ዱቄት ካለ አትድፋው፣ ቀዳዳዎቹንም በመርፌ አትጎርጉር፤ በደረቅ ብሩሽ ከውጭ ብቻ ጥረገው።