ክርክር፦ የደሴ ኢንተርኔት ቤቶች ክሮምን ይተዉ?

ጠያቂው፣ ደሴ፦ «ኢንተርኔት ቤቶቻችን ክሮምን ትተው ምስጢር ጠባቂ ብሮውዘር ይጫኑ» ያላችሁ እስቲ መልሱልኝ። ፒያሳ ላይ ፋየርፎክስን መከላከያውን እስከ ጥግ አጥብቄ፣ ኢኤፍኤፍ የተባለው የዲጂታል መብት ድርጅት በሠራው «ከቨር ዩር ትራክስ» በተባለ መፈተሻ ድረ ገጽ ፈተሽኩት። «አሻራህ ልዩ ነው» አለኝ፤ አሻራ ማለት ድረ ገጾች አንተን ለመለየት ከብሮውዘርህ የሚለቅሙት የቋንቋ፣ የሰዓት፣ የፎንትና የመሳሰለው ምልክት ድምር ነው። ታዲያ ምኑን ተደበቅነው?

ጠጋኙ፣ ኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ። እዚያ የምትነጻጸረው ፈተናውን ከከፈቱ ሰዎች ጋር ብቻ ነው። ቋንቋው አማርኛ፣ ሰዓቱ የአዲስ አበባ፣ ፎንቱ ፓወር ግዕዝ የሆነ ማሽን እዚያ ስንት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ2010 ኢኤፍኤፍ ሲያጠና ከ100 ብሮውዘር 84 ያህሉ ልዩ ሆኖ ተገኘ። በ2018 ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ሰው በሚጎበኘው ተራ ድረ ገጽ ሲለካ ግን ወደ 34 ወረደ። ማን ላይ እንደተለካም እይ እንጂ።

ጠያቂው፦ ስለዚህ ለመደበቅ አማርኛዬን ልተው ነው?

ጠጋኙ፦ የአማርኛ ገጽ ማንበብህን ማን ከለከለህ? ብሮውዘሩ ለየድረ ገጹ «የምፈልገው ቋንቋ ይህ ነው» ብሎ የሚልከው እንግሊዝኛ ይሁን፣ በቃ።

የኢንተርኔት ቤት ባለቤት፣ ሰኞ ገበያ፦ የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ቶር የሚባለውን፣ ማንነትን የሚደብቅ ብሮውዘር ጭኜ ነበር። ደንበኛዬ ፎርም ሊሞላ መጥቶ «ሮቦት አይደለሁም» እያለ የትራፊክ መብራት ሲለቅም ሰዓቱ አለቀ። ሂሳቡን ከማን ልቀበል?

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ደግሞ የእርስዎ ማሽን አሻራ የማሽኑ ነው፤ በቀን ስንት ሰው ይቀመጥበታል! ሰውየውን የሚያጋልጠው ሳይዘጋ ጥሎት የሄደው አካውንት ነው። ለግል ላፕቶፕ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጎግል ራሱ ከየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች በአሻራ እንዳይጠቀሙ ጥሎት የነበረውን ክልከላ አላልቷል።

ጠጋኙ፦ እሱን እስማማለሁ። ፈተናው ላይ ግን አንድ ነገር ሳትለዩ እየተከራከራችሁ ነው። ቶርና መልቫድ የሚባለው ብሮውዘር ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ለማስመሰል ነው የሚጥሩት። መስኮቱን ስታሰፋው ዳር ዳሩ ላይ ባዶ ክፈፍ የሚተወው ለዚህ ነው፤ የገጹ ስፋት በ200 በ100 ፒክስል እርከን ብቻ ይሄዳል። ሰዓቱንም የግሪንዊች ያደርገዋል። ብሬቭ የሚባለው ብሮውዘር ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ድረ ገጹ አንተ ሳታይ ካንቫስ በሚባለው የብሮውዘሩ የሥዕል ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ያስስላል፤ የግራፊክስ ካርድህና የፎንትህ ልዩነት እዚያ ላይ ይወጣል። ብሬቭ ሥዕሉ ላይ ትንሽ ሐሰት ይጨምርበታል፣ እሱም ለየድረ ገጹና ብሮውዘሩ በተከፈተ ቁጥር የተለየ ነው። ስለዚህ ብሬቭ ላይ «ልዩ ነህ» ቢልህ ምንም አይደለም፤ ነገ ሌላ «ልዩ» ከሆንክ ማን ያገናኝሃል?

ጠያቂው፦ እና እንዴት ልፈትነው?

ጠጋኙ፦ ከካንቫሱ ሥዕል የሚወጣውን ኮድ የሚያሳይ የፈተና ገጽ ክፈትና ኮዱን ጻፍ። ብሬቭን ሙሉ በሙሉ ዝጋና ክፈተው፣ ኮዱ መለወጥ አለበት። ቶርን በሁለት የተለያዩ ማሽኖች ክፈት፤ እዚያ ደግሞ ገጹ የሚያየው ሰዓት በሁለቱም የግሪንዊች መሆን አለበት። አንዴ ከፍቶ «ልዩ ነህ» የሚለውን አይቶ መደንገጥ ፈተና አይባልም።

ባለቤቱ፦ እሺ፣ ፎርም መሙያዎቹ በክሮም ይቀጥላሉ። ጥግ ላይ ያሉትን ሁለቱን ብሬቭ አደርጋለሁ። ኑና ፈትኑ፤ የፈተናውን ሰዓት አላስከፍልም።

ጠያቂው፦ እመጣለሁ። ግን ክሮሞቹን ሲዘጉ የተከፈተውን አካውንትና ታሪኩን ሁሉ እንዲያጠፉ አስተካክሏቸው። ባለፈው ስቀመጥ የሰው ኢሜይል ተከፍቶ ነው የጠበቀኝ።